በልጄ ልክ የተመረጠች ውሻ

ልጄ አምስት ዓመት ሳይሞላት ያላቀፈችው ነገር አልነበረም። የቦኖውን ብረት ታቅፋለች። እንጨት ተጭነው በሰፈራችን የሚወርዱትን አህዮች አንገታቸው ላይ ትጠመጠማለች። ልብስ ልታሰፋ የመጣችን ደንበኛ፣ እኔ ገና ልኳን ሳልወስድ፣ እሷ ወገቧን ይዛ ትቆያለች። ደግሞ ቀስ ብላ ሄዳ አይደለም የምታቅፈው። ከሩቅ ታይሃለች፣ ትንደረደራለች፣ ከዚያ ጉልበትህን መትታ ትለጠፍብሃለች። ቤታችን ጉለሌ ዳገቱ ላይ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቁልቁል ስትመጣ ሳይወድቅ የሚያቆማት እንደኔ ወፈር ያለ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያኔም በረንዳችን ላይ መኪናዬን ዘርግቼ የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ለልጄ ሱሪ ስሰፋ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ እደርባለሁ፣ እሱም ወር አይቆይላትም። ባለቤቴ ጎሚስታ ቤት ነበር የሚሠራው፤ የጎማ ጥቁረት ከእጁ ለቆ አያውቅም። ልጁን ሲያያት "ይቺን የወለድሻት ከነሞተሯ ነው" ይለኝ ነበር።

ከጎረቤታችን የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ወታደር ሲሆኑ፣ ውሻቸው የሰፈሩ መመኪያ ነበር። በቡችላነቱ ጆሮው ተቆርጦ፣ ቀን ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ሲመሽ ብቻ እየተፈታ ያደገ ውሻ ነው። ያኔ የሁሉም ሰው እምነት ይኸው ነበር፤ ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ይታሰራል፣ ሰው አይለምድም፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም። አንድ ቀን በራቸው ክፍት ሆኖ አገኘችውና ልጄ ገብታ ውሻውን አቀፈችው።

ክንዷን ነው ነክሶ የያዛት። ሲያላቅቋት እያለቀሰች "ገና አልጨረስኩም" ትል እንደነበር ነገሩኝ።

የእብድ ውሻ መርፌ በዚያ ዘመን ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው፣ ያውም በየቀኑ እየተመላለሱ። በየማለዳው አዝያት እሄዳለሁ። ትጮኻለች፣ ትንፈራገጣለች፣ እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ፤ ሲያልቅ ደግሞ የወጋቻትን ነርስ አቅፋ ትሰናበታታለች። መርፌው ያበቃ ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ዊንጌት አጠገብ አንድ የመንገድ ውሻ ግድግዳ ጥግ ተኝቶ አየች። እጄን ወደዚያ ስትጎትተው ክው ብዬ ቀረሁ። ያ ሁሉ መርፌ ለልጄ ምንም አላስተማራትም።

ባለቤቴ በዚያው ቀን የግቢያችንን በር መወርወሪያ ነቅሎ እጇ የማይደርስበት ቦታ ላይ መታው። "ከቤት አትወጣም፣ በቃ" አለ። ከፍርሃት ነው፣ አልፈረድኩበትም። ከዚያ ወዲህ ልጄ በቆርቆሮው ቀዳዳ ዓይኗን ለጥፋ መዋል ጀመረች። ሩጫዋ ከበረንዳው እስከ በሩ ሆነ። ትንሽ ቆይታ እሱንም ተወችው። አንድ ቀን ልብሷን ላጥብ ስሰበስብ የሱሪዋ ጉልበት እንዳለ ነው፤ አልተቀደደም፣ አልሳሳም። ለልብስ ሰፊ ይህ ደስ የሚል ነገር መሆን ነበረበት። እኔን ግን አስፈራኝ። ሱሪውን ይዤ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

እኔ የማውቀው ሥራ አንድ ነው። ሰው መጥቶ ይቆማል፣ ልኩን እወስዳለሁ፣ በልኩ እሰፋለታለሁ። ትከሻህ ሰፊ ነውና ቀንስልኝ ብዬ የመለስኩት ደንበኛ የለም። ለልጄ ስንል ግን ልጄን እየቆረጥናት ነበር።

"ውሻ እናምጣላት" አልኩት ባለቤቴን።

"አብደሻል?"

"ማቀፏን ልናስተዋት አንችልም። እንግዲያው የሚታቀፍ ውሻ ይኑራት፣ የሰው ውሻ ዘንድ እንዳትሄድ።"

ውሻ ጠልቶ አልነበረም። "ውሻ ካልሽ እሺ፣ ውሻ ይሁን" አለ። "ግን እንደ ውሻ ይሁን። ወንድ፣ ጆሮው የተቆረጠ፣ ቀን የሚታሰር።"

"እሱማ የነከሳት ነው!"

ይህ ወሬ በአጥሩ በኩል ለጎረቤታችን ደረሰ መሰለኝ። ልጄ ከተነከሰች ወዲህ በበራችን ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካፖርታቸው ውስጥ ቡችላ ይዘው መጡ። የዚያው ውሻ ልጅ ነው። በማጅራቱ አንጠልጥለው አሳዩን፤ "አያችሁ? ድምፁን አያሰማም። ፈሪ ቢሆን ይጮህ ነበር" አሉ። ቀጥለው አፉን ፈልቅቀው ላንቃውን አሳዩን። "ጥቁር ነው። እንዲህ ያለው ነው ሰው የማያስጠጋ!" የባለቤቴ ዓይን በራ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ሰው የሚያስጠጋ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ግን አልወስደውም" አልኳቸው።

ሽማግሌ ይዞ የመጣውን፣ ያውም ለካሳ ብሎ ያመጣውን መመለስ ትልቅ ነውር ነው። ባለቤቴ ዓይኔን ማየት አቃተው። እሳቸው ቡችላውን መልሰው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱና "እንግዲህ አንቺ የምታመጪውን እናያለን፣ ልጄ" ብለው ወጡ። የመጨረሻዋ "ልጄ" ቀዝቀዝ ያለች ነበረች። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ውሻ ማምጣት አልችልም፤ ትክክለኛውን ማምጣት አለብኝ።

ሸጎሌ የከብት ገበያ ሄድኩ። ከተማው ውስጥ የማየው ውሻ ሁሉ ወይ የታሰረ ወይ የተባረረ ነበር። ከብት እየነዱ ከኮረብታው የሚወርዱት ሰዎች ግን ውሾቻቸውን አያስሩም። ለበዓል በግ ልንገዛ በሄድን ቁጥር አያቸው ነበር፤ ሰው ይረግጣቸዋል፣ ወይፈን ይገፋቸዋል፣ ሕፃን ጅራታቸውን ይይዛል፣ እነሱ ተነሥተው ዞር ብለው ይተኛሉ። ልጄንም ይዣት ሄድኩ። ሰው ሳይቆምልኝ ልብስ አልቆርጥም።

ከገበያው ዳር አንዲት ሴት የኩበት ጆንያዋን ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሁለት ቡችሎችና ከፍ ከፍ ያለች አንዲት ቡላ ውሻ አሉ። ጠየቅኳት። ውሾቹ በዝተውባታል፣ የምትወስጂውን ውሰጂ አለችኝ። የልጄን እጅ ለቀቅኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ።

መጀመሪያ የሄደችው ድብልብል ወዳለው ቡችላ ነው፤ ማንም ቢሆን እሱን ነበር የሚመርጠው። ስታቅፈው ከድንጋጤው የተነሣ ሸናባት፣ ሲያመልጣት ጆንያው ሥር ገብቶ ማልቀስ ጀመረ። ሁለተኛው ጥርሱን አሳያት፤ ዘልዬ ነጠልኳት። ቡላዋን ልተዋት አልኩ፤ ሴት ናት፣ ቡችላም አይደለችም፣ በዚያ ላይ ጆሮዋ እንዳለ ነው። እኔ ይህን እያሰብኩ ልጄ ተንደርድራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ውሻዋ ቆመች። አልሸሸችም፣ አላጉረመረመችም። ልጄ አጥብቃ ያዘቻት፤ ልጄ አጥብቃ ስትይዝ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ሲበዛባት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከእጇ ሾለከች፣ ሰውነቷን አራገፈች፣ ትንሽ ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ተኛች። ልጄ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። "ሄደችብኝ" አለች ወደኔ ዞራ። አንድ ሰው ፍየሎቹን እየነዳ በመካከላችን አለፈ። ፍየሎቹ አልፈው አቧራው ሲረግብ ውሻዋ ማንም ሳይጠራት ተነሥታ መጣች፣ አፍንጫዋን በልጄ ብብት ሥር ወሸቀች።

የወሰንኩት እዚያ ላይ ነው። የማይሰለች ውሻ የለም፤ እኔ የወለድኳት እንኳ አንዳንዴ ትሰለቸኛለች። ሲሰለቸው የሚነክስ ሳይሆን ሲሰለቸው ጥሎ የሚሄድ፣ ከሄደም በኋላ ቂም ሳይዝ የሚመለስ ነበር የምፈልገው።

"እሷን ነው?" አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። "እሷ እኮ አትጮኽም። ሌባ ቢመጣ ደስ ብሏት ነው የምትቀበለው።"

"ስንት ልስጥሽ?"

"ውሻ ይሸጣል እንዴ!" ተቆጣችኝ።

ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ያገኘሁትን ስኳር ይዤ ነበር፣ ለልጆችሽ ብዬ ሰጠኋት። እሱን በደስታ ተቀበለችኝ። ባለቤቴ የዚያን ወር ሻይ በባዶው ጠጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ሮጠች። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሮጠች! ውሻዋ ከጎኗ፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሁለቱም ተንከባለሉ። ደርሼ ሳነሣት ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቦጭቋል። መንገድ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

"ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"ጆሮዋስ?"

"የራሷ ነው።"

"ትጮኻለች?"

"አትጮኽም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትሠራው?"

"ትመለሳለች" አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም።

በማግሥቱ ከሥራ ሲመጣ ሰንሰለት ይዞ መጣ። በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው። "የታሰረ ውሻ ነው ልጄን የነከሳት፤ ይህ ነገር አንገቷ ላይ አይገባም" አልኩ፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እሱም ከፍ አደረገ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፤ እስከ ፋሲካ ሳትታሰር ትቆይ። እስከዚያ ሊጮህበት በሚገባ ሰው ላይ አንድ ቀን እንኳ ከጮኸች ቤታችን ትኖራለች። ካልጮኸች ወደ ሸጎሌ ትመለሳለች፣ ልጄም ወደ መወርወሪያው ትመለሳለች። ሰንሰለቱ ምስማሩ ላይ ቀረ። በበሩ በገባሁና በወጣሁ ቁጥር አየው ነበር።

ጠዋት ጠዋት ልጄና ውሻዋ ዳገቱን ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣሉ፣ እየተንከባለሉ ይመለሳሉ። ውሻዋ ሲበቃት መጥታ የስፌት መኪናዬ ሥር፣ እግሬ አጠገብ ትተኛለች። እዚያ ከገባች አትነካም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያስከበረችው ግን ራሷ ናት። ልጄ እዚያ ሥር እጇን ስትከት ውሻዋ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትሄዳለች፣ በዚያ ቀን ጨዋታ የለም። ልጄ አለቀሰች፣ ተለማመጠች፣ ዳቦ ይዛ ሞከረች። በኋላ ሌላ ዘዴ ተማረች። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ትልና እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ውሻዋ ስትፈልግ ትመጣለች። ያ ሁሉ መርፌ ያላስተማራትን ይቺ ድምፅ የሌላት ውሻ አስተማረቻት።

ከውሻም አልፎ ሰው ላይ ጀመረችው። አንድ ቀን በር ላይ ከጎረቤታችን ጋር ተገናኘን። እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሊያልፉ ሲሉ ልጄ ፊታቸው ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። አልተንደረደረችም። ቆማ ጠበቀች። ሰውየው ግራ ገባቸው፣ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ በመጨረሻ ጎንበስ አሉላት። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱት አየሁ። ከዚያ ወዲህ አኮረፉኝ አልልም፤ ማሾፍ ግን አልተዉም። በአጥሩ ላይ ብቅ ይሉና "ውሻሽ ዛሬ ደግሞ ማንን ሳመች?" ይሉኛል።

ማሾፋቸው ልክ ነበር። ወተት አምጪውን፣ እንጨት ሻጯን፣ ሊለምን የመጣውን ሁሉ ጅራቷን እየቆላች ታስገባለች። ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ተዘግታ ስለነበር እሑድ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ በተራ እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። የተከለከለ ነገር ነው፤ ከተያዝን መታሰር አለ። ችግሩ ውሻ ነበር። በየግቢው የታሰሩት ውሾች አንድ ሰው በገባ ቁጥር ሰፈሩን ያምሱታል፣ ማን ማን ቤት እንደገባ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። የኛ ቤት ብቻ ጸጥ ያለ ሆነ። ሰው እንዳያንኳኳ እሑድ መወርወሪያው ሳይዘጋ ይቆያል፤ ልጄ በሩን ከፍታ እጇን ዘርግታ ትቀበላለች፣ ውሻዋ ከጎኗ ትቆማለች፣ ሰው ይገባል። ቀስ በቀስ የሁሉም ተራ ወደኛ መጣ። እሑድ እሑድ ባለመጮኋ የሚያመሰግናት ባለቤቴ ሰኞ ሲሆን ባለመጮኋ ይወቅሳታል።

ሰው ቢመጣብን ምን እንላለን የሚለውንም አስበንበት ነበር። የልጄ ልደት ነው እንላለን። ባለቤቴ ግን ውሸት አልናገርም አለ። ስለዚህ በየጊዜው እውነት አደረግነው፤ ዳቦ ይጋገራል፣ ለልጄ ይዘመርላታል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከዚያ ጸሎት። "ስለተሰጠችን ልጅ በየሳምንቱ ብናመሰግን ምኑ ነው ውሸቱ?" ይላል። ልጄ በአንድ ዓመት ብዙ ጊዜ ተወለደች።

ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ እሑድ፣ ቤት ሞልተን ዓይናችንን ጨፍነን ሳለን የቆርቆሮው በር በጠመንጃ ሰደፍ ተመታ። የኛን በር እንደዚያ መትቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ቅጽበት ውሻ ጮኸ። ወፍራም፣ ከሆድ የወጣ ጩኸት ነው፤ መጀመሪያ የጎረቤታችን ውሻ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ግን ባለቤቴ ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ ሁለታችንም የማን ድምፅ እንደሆነ አወቅን። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳይነገረው ተንቀሳቀሰ። ሁልጊዜ የሚጮህ ውሻ ቢሆን ማን ከጸሎቱ ቀና ይል ነበር? መጽሐፍ ቅዱሶቹ ያልተሰፋ ዩኒፎርም መሐል ገቡ፣ ዳቦው ከጓዳ ወጣ፣ ባለቤቴ የልደቱን መዝሙር አነሣ። እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር በሩን ገፍቶ ገብቷል። ውሻዋ በር ላይ የነበረችውን ልጄን ከኋላዋ አድርጋ፣ የጀርባዋ ጠጉር ቆሞ፣ አንድ እርምጃ አላስኬዳቸውም። ልጄ እጇን ጀርባዋ ላይ አሳርፋለች።

"ያዣት!" አለ አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን እያነሣ።

"ተይ!" አልኳት። ዝም አለች፤ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

ልጄ ሊቀመንበሩን ቀና ብላ አየችው። "አትፍራ" አለችው። "እጅህን ዘርጋና ጠብቃት።"

ሰፈሩ በሙሉ ጓድ ብሎ የሚንቀጠቀጥለትን ሰው አንተ ስትለው ላብ አጠመቀኝ። እሱ ግን ልጄን አየ፣ ውሻዋን አየ፣ ሽጉጡ የተሰካበትን ቀበቶ ለቀቀና እጁን ዘረጋ። "ዝቅ አድርገው" አለችው። ዝቅ አደረገው። ጠባቂዎቹ ቆመው ያያሉ። ውሻዋ ጊዜዋን ወስዳ አሸተተችው፣ ከዚያ ጅራቷ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አለ። ሰውየው ሳቀ፤ ስትፈቅድለት ደስ ያለው ነው የሚመስለው።

"ምን ስብሰባ ነው?" አለ ፊቱን ለማኮሳተር እየሞከረ።

"የልጄ ልደት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ስድስት" አለች ልጄ። "ባለፈው ሳምንትም ልደቴ ነበር።"

በሩን ተደገፍኩ። ሊቀመንበሩ ግን ጭራሽ ሳቁ በረታበት። "የኔዋም እንዲሁ ናት፣ ዳቦ ባየች ቁጥር ልደቴ ነው ትላለች!" ብሎ ገባ። ዳቦ ቆረስንላቸው፤ ሦስቱም ቆመው በሉ። ሲወጡ ዞር ብሎ ልጄን "እንዲህ ያለች ውሻ ከየት ነው የምትገኘው?" አላት።

"ከሸጎሌ" አለችው። "በስኳር።"

እግራቸው ከመንገዱ ሲርቅ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። አሸንፌያለሁ። ልጄንም፣ ያንን ሁሉ ሰውም፣ ማንም ያልፈለጋት ሴት ውሻ አስጠለለችልኝ፤ የመረጥኳት ደግሞ እኔ ነኝ። በአጥሩ ላይ የጎረቤታችን ራስ ብቅ አለ።

"ያንቺ ናት የጮኸችው?"

"የኔ ናት፣ ጋሼ።"

"እህ" አሉ። "ድምፅ አላት።"

በማግሥቱ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ አሮጌ የመኪና ጎማ እያንከባለለ መጣ። ሰንሰለቱን ከምስማሩ አወረደ፣ ጎማውን አሰረበት፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ አንጠልጥሎ ዥዋዥዌ ሠራ። የበሩን መወርወሪያም ነቅሎ ዝቅ አደረገው። ልጄ ጎማው ውስጥ ገብታ ሰማይ ስትነካ ሰፈሩ በጩኸቷ ተሞላ።

ከዚያ ወደኔ መጣ። ስፌት ላይ ነበርኩ፤ ውሻዋ እግሬ ሥር ናት። በረንዳው ላይ ቁጢጥ አለ፣ ያንን የጎማ ጥቁረት የማይለቀውን እጁን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። እኔን አላየኝም፣ እኔም ሥራዬን አላቋረጥኩም። ውሻዋ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችውና መልሳ ጨፈነችው። ከቦታው አልተነሣም። አንድ እጅጌ ሰፍቼ ሁለተኛውን ስጀምር ከመኪናዬ ሥር ወጥታ አገጯን መዳፉ ላይ አሳረፈችለት።